ለቅዳሜው ውይይት፦ ስለ ቤላ

ውድ የንባብ ቡድናችን አባላት፣

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጣና ዳር በተለመደው ቦታችን እንገናኝ። የምንወያየው በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው «ትዋይላይት» በተባለው ተከታታይ ልብ ወለድ የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ነው፤ በተለይ ስለ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስለ ቤላ።

ብዙዎቻችሁ ደካማ ናት ብላችኋል። እኔ አልስማማም። ታሪኩን የምትተርክልን ራሷ ናት፤ የምታፈቅረው ኤድዋርድ ደም መጣጭ መሆኑን አነፍንፋ የደረሰችበትም እሷው ናት። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። በሁለተኛው ቅጽ ኤድዋርድ ጥሏት ሲሄድ የወራት ስም ብቻ የተጻፈባቸው ባዶ ገጾች ይመጣሉ፤ ያለ እሱ ሕይወት የላትም ማለት ነው? ሌሎችን የምትከልልበት ኃይልም የሚገለጠው በአራተኛው ቅጽ፣ እሷም ደም መጣጭ ከሆነች በኋላ ነው። ሰው ሳለች ለምን አልሆነም? ይህን አስቡበት።

ታናናሽ እህቶቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ የተጻፈው ለእነሱ ዕድሜ ነውና አስተያየታቸውን መስማት እፈልጋለሁ። መጽሐፉን የጨረሳችሁ እባካችሁ ለሌላው አውሱ።