የስም ዝርዝሩ በትዝታ አይሞላ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

«ሂድን ፊገርስ» የተባለው ፊልም ታሪኳን የሚያሳየን የሂሳብ ባለሙያዋ ካትሪን ጆንሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣ የናሳ ጥናት ላይ ስሟ ከባልደረባዋ ስም ጋር ሰፍሯል፤ በክፍሏ ሴት በጥናት አዘጋጅነት ስትጠቀስ የመጀመሪያው ነበር። ስሌቱን ግን ሴቶቹ ቀድሞም ስማቸው ሳይሰፍር ይሠሩት ነበር!

የፊልም ሥራም ከዚህ ችግር የጸዳ አይደለም። በመጨረሻ የሚያልፈው የስም ዝርዝር የሚጎድለው ቀረጻው ካለቀ በኋላ በትዝታ ሲሞላ ነው፤ መጀመሪያ የሚረሱት ደግሞ መሐል ላይ የተተኩትና ለአንድ ቀን የመጡት ናቸው። ስለዚህ ስምና የሥራ ድርሻ ውል ሲፈረም ይመዝገብ፣ የስሙን አጻጻፍ ባለቤቱ አይቶ ያጽድቅ፣ ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ዝርዝሩ ከዕለታዊ የቀረጻ መዝገብ ጋር ይመሳከር። «ረዳት» የሚለው የጅምላ ስያሜም (ስንቱን ባለሙያ ውጧል!) ይቅርና እያንዳንዱ በሠራው ሥራ ይጠራ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ለማስታወቂያ ሲሉ ዝርዝሩን አይቁረጡት።

የፊልም ዝግጅት ባለሙያዎች