ለልጄ፦ ዛንዚባርን በዝናቡ ማግስት

ልጄ፣

የላክሽልኝን የጉዞ ዕቅድ ደጋግሜ አየሁት። ቱሪስት በሚቀንስበት ወቅት ለመሄድ ማሰብሽ ደስ ብሎኛል። ሆቴሉ ይረክሳል፣ ግፊያም የለም። ብቻ ዕቅዱ ባሕሩ ሁልጊዜ እሺ እንደሚል ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ዳሬሰላም በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁት ሌላ ነው። እዚያ ፕሮግራም የሚያወጣው ነፋሱ ነው።

መጀመሪያ ወሩን እናስተካክል። ሚያዝያ ብለሻል። በዚያ ዳርቻ ትልቁ ዝናብ፣ እነሱ ማሲካ የሚሉት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። የባሰው ደግሞ ያው ያልሽው ሚያዝያ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያወርደው የሚውልበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ሆቴሎችም ያን ሰሞን ጭራሽ ይዘጋሉ። ሰኔ ሲገባ ሂዱ። እኛ ጃንጥላ ስናወጣ እነሱ ጋ ያባራል። ዋናው የቱሪስት ጎርፍ ገና አልመጣም፣ ሙቀቱም በረድ ይላል። ዋጋ መከራከርም ይቻላል፤ አትፈሪ፣ ጠይቂ።

ዝናቡ አለፈ ማለት ግን ባሕሩ ተኛ ማለት አይደለም። ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኩሲ የሚባለው ነፋስ ነው። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። የድሮ ነጋዴዎች ከዓረብ አገር በካስካዚ ወርደው በኩሲ ይመለሱ ነበር። በሰኔ ኩሲ ጉልበት አለው። ስለዚህ ለመዋኘት ሰሜኑን ምረጡ፤ ኑንግዊና ኬንድዋ ከነፋሱ ከለል ይላሉ። ፓጄና ጃምቢያኒ ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ስለሆኑ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበሉታል።

ምሥራቁን ግን አትዝለሉት። የዚያ ዳርቻ ትልቁ ነገር የባሕሩ መሸሽና መመለስ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ እስከ ኮራሉ፣ ማለትም እስከ ባሕር ውስጡ አለት ድረስ፣ በመቶዎች ሜትር ይርቃል። ጠዋት ከበርሽ ሥር የነበረው ውሃ ከሰዓት ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ከሩቅ ይታይሻል። በመሃሉ እርጥብ አሸዋ፣ ትንንሽ ኩሬ፣ ረድፍ ረድፍ የተተከለ አጭር እንጨት ይቀራል። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ከእንጨቱ በታሰረው ገመድ ላይ የባሕር ሣር ያስራሉ፣ የደረሰውን ይሰበስባሉ። የሚሠሩት ውሃው እስኪመለስ ብቻ ነው። ያን ማየት ለእኔ ከየትኛውም የመዋኛ ዳርቻ ይበልጣል። ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸውና ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ባዶ እግራችሁንም አትግቡ፣ ድንጋዩ መሃል እሾሃም የባሕር እንስሳ አለ።

የሚሸሽበት ሰዓት በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በጣም የሚርቀው ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ነው። ስለዚህ ምሥራቁን ከነዚያ ቀናት ጋር አገናኙት። ሆቴል ከመያዝሽ በፊት የጨረቃዋን ቀን እዪ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በዘጠኝ ቀን ሦስቱን ደሴቶች፣ ዛንዚባርን፣ ፔምባንና ማፊያን፣ ማዳረስ አትችሉም። ፔምባ ከዛንዚባር በስተሰሜን፣ ማፊያ ደግሞ ከዳሬሰላም በስተደቡብ ነው። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስትሮጡ ጉዞው መንገድ ላይ ያልቃል። ማፊያን የፈለግሽው ለዌል ሻርኩ፣ ለዚያ ግዙፍ ዓሣ፣ ከሆነ ደግሞ በሰኔ አታገኚውም። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት አካባቢ ነው። ማፊያ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ፔምባንም ነፋሱ ከፈቀደ ብቻ በትንሽ አውሮፕላን ሂዱ፤ ካልፈቀደ ዛንዚባር ለብቻዋ ይበቃችኋል።

ከዳሬሰላም ዛንዚባር ፈጣኑ ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጅበት። በቀን ተሳፈሩ። በፈረንጆቹ 2011 ወደ ፔምባ በሌሊት ስትጓዝ የነበረች መርከብ ከአቅሟ በላይ ጭና ሰጥማ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። በዓመቱ፣ በጁላይ 2012፣ ከዳሬሰላም የተነሳች ሌላ ጀልባ በኃይለኛ ነፋስ ተገልብጣለች። ይህን የምጽፈው ላስፈራራሽ አይደለም። ሰው የተጠቀጠቀበት ጀልባ ካየሽ ግን አትሳፈሪ። ቲኬቱ ይቃጠል፣ ገንዘቡ ይቅር። ከጓደኞችሽ ጋር ስለሆንሽ ይሉኝታ ይይዝሻል፣ አውቅሻለሁ። እዚያ ላይ ግን ይሉኝታ የለም፣ አደራ። ጀልባ ከቀረ እንዳትጨነቁም ከመጨረሻው ጀልባና ከአውሮፕላኑ መሃል አንድ ሙሉ ቀን ባዶ ተዉ።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። የስዋሂሊ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲልሽ ያው አንድ ሰዓት ነው። ቲኬቱ ላይ ግን በፈረንጁ ሰዓት 07:00 ተብሎ ይጻፋል። ፈረንጅ መስላችሁት ለውጦ የሚነግራችሁም አለ። የትኛውን ሰዓት እንደሆነ ሁልጊዜ ደግመሽ ጠይቂ።

ዝናብ ከያዛችሁ የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ስቶን ታውን ግቡ። በናስ ጉብጉብ ያጌጡትን የተቀረጹ በሮች እያያችሁ ጠባቡ መንገድ ውስጥ ጥፉ። የአንግሊካን ካቴድራሉን ሳታዩ እንዳትመጡ። የተሠራው በፈረንጆቹ 1873 በተዘጋው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ደጅ የተሸጡት የዚችው የአፍሪካ ልጆች ናቸውና ቀስ ብላችሁ እዩት። ከተማው የሙስሊም ከተማ ስለሆነ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያዙ።

ወረቀቱን ባጭሩ። ከኢትዮጵያ ስለምትነሱ የቢጫ ወባ ካርድ ይጠይቋችኋል። ክትባቱ የሚሠራው ከተወጋሽ ከአሥር ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆይው። ዛንዚባር ደግሞ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የራሷን የ44 ዶላር ኢንሹራንስ ታስገዛለች። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖርሽም አይተካውም። የወባ መድኃኒቱን ነገር ሐኪም አማክሪ።

ዕቅዱን በዚህ አስተካክለሽ መልሰሽ ላኪልኝ። የአውሮፕላን ቲኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ደውይልኝ፤ ቀኑን አብረን እንመርጣለን።

አባትሽ