ግንቡንስ አየን፣ ተማሪውስ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ «ጣሊያን ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ጅማ የት በደረሰች» የሚለውን አስተያየት ሳነብ ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። ወሬው አዲስ አይደለም። እዚህ ከተማ በረንዳ ላይ ሦስት ሰው ከተቀመጠ አንዱ ጣሊያን ወደ ሠራው አሮጌ ግንብ እየጠቆመ ይህንኑ ይላል። ግንቡ ጠንካራ ነው፣ አልክድም። ግን ለማን ተሠራ?

በግንቦት 1928 ሮም ላይ በወጣው አዋጅ ጅማ የአንድ ሰፊ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። (የግዛቱ ስም ዛሬ በአፋችን የማናነሳው ቃል ስላለበት ልዝለለው።) ያው አዋጅ በዚህ በኩል ትምህርት በኦሮምኛና በካፍኛ ይሰጥ ይላል። ይህን ይዘው «በቋንቋችን አስተማሩን» የሚሉ አሉ። ልጅ በአፍ መፍቻው መማሩ ጥሩ ነው፣ ማንም ቢያመጣው ጥሩ ነው። ጥያቄዬ በዚያ ቋንቋ ምን ተማረ ነው።

አያቴ በዚያ በጣሊያን ጊዜ ሁለት ዓመት ተምረዋል። ያኔ ዕድሜያቸው ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነበር። ጠዋት ተሰልፈው ለባንዲራው እጅ ይዘረጋሉ፣ ይዘምራሉ፣ ከዚያ ጓሮ ማረም። የቀራቸው «ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ» ነው፤ እስከ መቶ ሳይሳሳቱ ይቆጥሩ ነበር፣ እኛም ልጆች ሆነን እያስቆጠርናቸው እንስቅ ነበር። የጣሊያን ልጆች ትምህርት ቤት ለብቻው ነበር። ብዙ ዓመት በገዟት በኤርትራ እንኳ የአገሬው ልጅ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር፣ ስለዚህ አምስት ዓመት ለቆዩባት ጅማ ምን አስበው ነበር ብሎ መጠየቅ ትንሽ የዋህነት ይመስለኛል። በሚያዝያ 1929 ደግሞ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ሕግ አወጡ። አብሮ መኖርን ወንጀል ያደረገ መንግሥት ለእኛ ዩኒቨርሲቲ ሊከፍት ነበር?

የተማረውንማ ምን እንዳደረጉት ይታወቃል። ጣሊያንን ሲዋጉ የነበሩት ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 እጃቸውን የሰጡት ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ ወደ ቦንጋ ሲኬድ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ነው። አብረዋቸው ከነበሩት በሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ከተማሩ ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 በኋላ ተረሸኑ። ከዚያ መጥቶ ስለ ግንብ ማውራት!

አያቴ ስማቸውን መጻፍ የቻሉት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ሲጀመር ነው። ሃምሳ ዓመታቸው ነበር። ያስተማረቻቸው ከእኔ ታላቅ የማትሆን የሰፈር ልጅ ናት፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በግዕዝ ፊደል። ደብተራቸው ዛሬም ቤት አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማቸው አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል፣ ሦስተኛው ላይ እርሳሱ ወረቀቱን ቀዶታል።

በሚቀጥለው ጊዜ የግንቡን ፎቶ ስታወጡ ንገሩኝ፣ የገጹን ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከጅማ