የባልደረባችን ደብተሮች

በባለፈው እትም ስለ ሟች የሥራ ባልደረባችን የወጣው የመታሰቢያ ጽሑፍ ኩባንያው የተከላቸውን የፀሐይ ኃይል ጣቢያዎች ዘርዝሯል። ደግ ነው። የእሱ ዋና ሥራ ግን ሳይጠቀስ ቀርቷል።

እሱ የሚታወቀው «አይሆንም» በማለቱ ነበር። ደንበኛ ገንዘቡን ይዞ ቢመጣ እንኳ ጣሪያው ላይ ጥላ ካለ አይፈርምም። በፀሐይ ፓነል ውስጥ ያሉት ሴሎች፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት ትንንሽ ክፍሎች፣ በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፤ አንድ ጥግ ላይ ያረፈ የዛፍ ጥላ የመላውን መስመር ምርት ሊጎትት ይችላል። ሙቀትም እንዲሁ ነው። ሴሉ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በጋለ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፓነሉ ሥር አየር ማለፊያ ሳይተዉ ጣሪያው ላይ ለጥፎ መሄድን አጥብቆ ይቃወም ነበር። እኛ ሽያጭ ቀረብን ብለን እናኮርፋለን፤ እኔም ካኮረፉት አንዱ ነበርኩ። ኩባንያው ስም ያተረፈው ግን በእነዚያ እምቢታዎች ነው።

ሌላው ማስታወሻዎቹ ናቸው። ፓነል በአብዛኛው ከ25 ዓመት ዋስትና ጋር ይሸጣል፤ የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለተለመዱ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ወደሚሆን ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ፣ ኢንቨርተር፣ ግን ከዚያ ቀድሞ ይለወጣል። ሊለውጥ የሚመጣው ቴክኒሻን የመጀመሪያውን ባለሙያ ላያገኘው ይችላል። ለዚህ ነው የየጣቢያውን የገመድ አዘረጋግ፣ የፓነሎቹን ዝንባሌና ያጋጠሙ ብልሽቶችን በእጁ የጻፈው። ደብተሮቹ አሁን ካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል።

በስሙ አዳራሽ ከመሰየም በፊት ኩባንያው ደብተሮቹን ስካን አድርጎ ለቴክኒሻኖቹ ይክፈት። የየጣቢያውን ገጽ ቅጂም በኢንቨርተሩ ሳጥን በር ላይ ይለጥፍ።