የሴሊያክ ምርመራ ውጤት ሪፖርት እንዲታረም የቀረበ ቅሬታ

ለ፦ የሕክምና ላቦራቶሪው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለጥራት ቁጥጥር ክፍል

ጉዳዩ፦ የተሳሳተ ድምዳሜ የያዘ የምርመራ ሪፖርት እንዲታረምና የምርመራው አሠራር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

በላቦራቶሪያችሁ «ሙሉ የሴሊያክ ምርመራ» በሚል ስም የሚሰጠውን አገልግሎት ከፍዬ አግኝቻለሁ። ሴሊያክ በስንዴ፣ በገብስና በራይ ውስጥ ባለው ግሉተን በተባለ ፕሮቲን ሳቢያ ትንሹ አንጀት የሚጎዳበት በሽታ ነው። የተሰጠኝ ሪፖርት በማጠቃለያው ላይ «የሴሊያክ በሽታ የለም» ይላል፤ ቅሬታዬም በዚህ ድምዳሜ ላይ ነው። ናሙናዬ ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሯል ወይም መሣሪያችሁ ተሳስቷል የሚል ክስ የለኝም፤ የተመዘገበው ቁጥር ትክክል ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ናሙናው ከተወሰደበት ሁኔታና ምርመራው ከነበረበት ጉድለት አንጻር፣ ያንን ቁጥር ይዞ በሽታው የለም ብሎ ለመጻፍ የሚያበቃ መሠረት አልነበረም።

ወደ እናንተ የመጣሁበት ምክንያት ግልጽ ነበር። እህቴ ሴሊያክ እንዳለባት በደም ምርመራና ከትንሹ አንጀቷ በተወሰዱ ናሙናዎች ሲረጋገጥ፣ ሐኪሟ ወላጆቿም ሆኑ ወንድሞቿና እህቶቿ እንዲመረመሩ መክረው ነበር። በሽታው በብዙ አገሮች ከ100 ሰው 1 ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የታማሚ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት በሆኑ ሰዎች ላይ ግን ከ10 ሰው ወደ 1 ይጠጋል። እኔ ራሴም የብረት እንክብል እየወሰድኩ የማይሻለኝ የደም ማነስ አለብኝ፤ ይህ ደግሞ ተቅማጥም ሆነ የሆድ ሕመም በማይታይባቸው አዋቂዎች ላይ ጭምር ሴሊያክን ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዱ ነው። ከእህቴ ጋር በአንድ ቤት ስለምንኖር፣ ለእርሷ ሲባል ስንዴ፣ ገብስና ራይ ከቤታችን ከወጡ ወራት ተቆጥረዋል፤ እኔም የምበላው እርሷ የምትበላውን ነው።

ይህን ሁሉ ቀጠሮ ለመያዝ በደወልኩ ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ከምርመራው በፊት አመጋገቤን መቀየር ይኖርብኝ እንደሆነም ጠይቄአለሁ። የተሰጠኝ መልስ «እንደዚያው ይቀጥሉ፤ እንዲያውም ከግሉተን ንጹሕ ሆነው ቢመጡ ውጤቱ ይጠራል» የሚል ነበር። በዕለቱ የሞላሁት ቅጽ ደግሞ በባዶ ሆድ መምጣቴንና የምወስዳቸውን መድኃኒቶች ጠይቋል። ለዚህ ምርመራ ለውጥ የማያመጣው በባዶ ሆድ የመምጣት ጉዳይ በደማቅ ፊደል ተጽፎ ሳለ፣ ውጤቱን ከሥሩ የሚለውጠው ግሉተን የመብላት ያለመብላት ነገር ግን በቅጹ ላይ አንዲት መስመር እንኳ አልተሰጠውም።

ጉዳዩ ለባለሙያዎቻችሁ አዲስ ሊሆን አይችልም፤ ቢሆንም ቅሬታዬ በምን ላይ እንደቆመ እንዲታወቅ ላስረዳ። በሴሊያክ በሽታ የሰውነት የመከላከል ሥርዓት በግሉተን ተቀስቅሶ የትንሹን አንጀት የውስጥ ሽፋን ያጠቃል፤ ንጥረ ምግብን የሚመጥጡት ጣት መሰል ቅጥያዎችም እያጠሩና እየጠፉ ይሄዳሉ። እናንተ የለካችሁት፣ ሰውነት ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ በተባለው በራሱ ኢንዛይም ላይ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ኢንዛይም የጥቃቱ ዒላማ መሆኑ የታወቀው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የደም ምርመራም ከዚያ የመጣ ነው። ግሉተን ሲቋረጥ ፀረ እንግዳ አካሉ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አንጀቱም ቀስ በቀስ ያገግማል። ስለዚህ ግሉተን ባቆመ ሰው ላይ የሚገኝ ዝቅተኛ ቁጥር በሽታው ስለሌለ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ኖሮ አመጋገቡ ስላበረደውም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ብቻውን ሁለቱን አይለይም፤ እሳቱን አጥፍቶ ጭስ እንደመፈለግ ነው። የሕክምና መመሪያዎች ምርመራው ሳይጠናቀቅ ግሉተን እንዳይቋረጥ የሚያሳስቡት፣ ያቋረጠ ሰው ደግሞ በሐኪም ክትትል ለተወሰኑ ሳምንታት በየቀኑ ግሉተን እየበላ እንዲመረመር የሚመክሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከአመጋገቤ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሙሉ በሙሉ በእናንተ እጅ የነበረ ነው። ፀረ እንግዳ አካላት አይጂኤ (IgA) እና አይጂጂ (IgG) የተባሉትን ጨምሮ የተለያዩ ዓይነቶች አሏቸው፤ በሪፖርቱ ላይ የሰፈረው ግን የአይጂኤ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ልኬት ብቻ ነው። ይህ ልኬት ትርጉም የሚኖረው ተመርማሪው በቂ አይጂኤ የሚያመርት ሲሆን ነውና፣ አጠቃላይ የአይጂኤ መጠንም አብሮ መለካት ነበረበት። ከ100 የሴሊያክ ታማሚዎች ከ2 እስከ 3 የሚሆኑት የአይጂኤ እጥረት ያለባቸው ሲሆን፣ ይህም ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ለእነርሱ የሚያገለግለው በአይጂጂ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ላይ የተመሠረተው ምርመራ ነው። አንድ የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት ሪፖርታችሁን እንዳዩ መጀመሪያ የጠየቁኝ አጠቃላዩ አይጂኤ የት እንዳለ ነው። በሌላ ላቦራቶሪ ሲለካ ከመደበኛው በጣም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ከምርመራው በፊት በየቀኑ ዳቦ ስበላ ብከርም እንኳ ሪፖርታችሁ «የለም» ማለቱ የማይቀር ነበር። አጠቃላይ አይጂኤን ያላካተተ ጥቅል እንዴት «ሙሉ» ተብሎ እንደሚሸጥ በጽሑፍ እንዲብራራልኝ እጠይቃለሁ።

በአካል ቀርቤ ይህንን ሳስረዳ ያገኘሁት ምላሽ ከስሕተቱ የባሰ ነበር። በመጀመሪያ «ግሉተን ማቆምዎን መናገር የነበረብዎት እርስዎ ነዎት» ተባልኩ፤ ተናግሬ ምን እንደተመለሰልኝ ከላይ ጠቅሻለሁ። ቀጥሎም «የምግብ አለመስማማት ምርመራ» የሚባለውን በቅናሽ እንድወስድ ተጋበዝኩ። ብዙ ምግቦችን ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ አይጂጂ የሚለካው ይህ ምርመራ ሴሊያክን ለመለየት አያገለግልም፤ በአንድ ስሕተት የተጎዳን ደንበኛ ሌላ የማይረባ ነገር መግዛት እንደ ካሣ ሊቀርብለት አይገባም። በአንጻሩ በአገልግሎት ዝርዝራችሁ ውስጥ ያለውን የጂን ምርመራ ማንም አላነሣልኝም። ኤችኤልኤ ዲኪው2 እና ዲኪው8 የተባሉት ጂኖች ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ስለሚይዛቸው መኖራቸው ብቻ በሽታውን አያረጋግጥም፤ ሁለቱም ከሌሉ ግን ሴሊያክ መኖሩ እጅግ አጠራጣሪ ነው። አመጋገብም ስለማይነካው፣ ግሉተን አቁሞ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ሊነገረው ይገባ የነበረው ይህ ነው።

የደረሰብኝን ጉዳት ባጭሩ እገልጻለሁ። የምከታተልበት ሐኪም በሪፖርታችሁ ተማምነው ሴሊያክን ከደም ማነሴ መንስኤዎች ዝርዝር አስወጡት፤ ሕክምናዬም የብረት መጠን በመጨመር ብቻ ተወስኖ ቆየ። አሁን በስፔሻሊስቱ ትእዛዝ ለሳምንታት በየቀኑ ግሉተን መብላት አለብኝ፤ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ከትንሹ አንጀት የሚወሰዱት ናሙናዎችም ቢሆኑ የሚታመኑት ግሉተን እየተበላ ከተወሰዱ ነው። ይህንንም የማደርገው ለዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለኮዴክስ «ከግሉተን ነጻ» ማለት በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን የያዘ ምግብ በሆነበትና ፍርፋሪ እንኳ እህቴን ሊጎዳት በሚችልበት ቤት ውስጥ ነው። የተለየ ሰሃን፣ የተለየ የመክተፊያ ጣውላ፣ የተለየ መደርደሪያ አዘጋጅተናል፤ ከበላሁም በኋላ እጄን ሳልታጠብ የምግብ ዕቃዋን አልነካም። ግሉተን ይቁም ከተባልኩ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ስለሆነ፣ ሳይረጋገጥ በግምት ልጀምረው አልፈልግም፤ የአንጀቴ መዳንም ሆነ የአጥንቴ ጥንካሬ ክትትል የሚደረግለት በሽታው በትክክል ከተመዘገበ ብቻ ነው።

ስለሆነም ሪፖርቱ ተሰርዞ ናሙናው ግሉተን ባቋረጠ ሰው ላይ የተወሰደ መሆኑን፣ አጠቃላይ አይጂኤ አለመለካቱንና ውጤቱ ሴሊያክ የለም ለማለት የማያስችል መሆኑን የሚገልጽ የታረመ ሪፖርት ለእኔና ለሐኪሜ በጽሑፍ እንዲላክ እጠይቃለሁ። የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝም እፈልጋለሁ፤ ተመልሼ በእናንተ ዘንድ የመመርመር ሐሳብ ስለሌለኝ የነጻ ምርመራ ማካካሻ አልቀበልም። በቅጻችሁ ላይ ተመርማሪው ግሉተን እየበላ መሆን አለመሆኑን፣ ካቆመም ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚጠይቅ ጥያቄ ይጨመር፤ ስልክ የሚያነሡ ሠራተኞችም ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት ትክክለኛ መልስ ተጽፎ ይሰጣቸው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በዚሁ ጥቅል «የለም» ተብለው የተሸኙት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ አጠቃላይ አይጂኤ ያልተለካላቸውና ስለ አመጋገባቸው ያልተጠየቁት ተለይተው ውጤታቸው ድምዳሜ እንዳልሆነ እንዲነገራቸው አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ ምላሽ ካልተሰጠኝ፣ የሁለቱን ላቦራቶሪዎች ሪፖርትና የሞላሁትን ቅጽ ቅጂ አያይዤ ጉዳዩን የጤና አገልግሎትን ለሚቆጣጠረው አካል አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአገልግሎቱ ተጠቃሚ
አባሪ፦ የሁለት ላቦራቶሪዎች የውጤት ሪፖርትና የተሞላው ቅጽ ቅጂ