አገጭ ከመቀነሱ በፊት መንጋጋው ይመርመር

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ውበት ቀዶ ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ስለ አፍንጫና ስለ ፊት ቆዳ በሰፊው ካብራራ በኋላ፣ ወደ ፊት የወጣ ወይም የረዘመ አገጭን አጥንቱን በመሞረድ በቀላሉ የሚስተካከል አድርጎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ወደ ጥርስ ክፍል የሚመጡ ወጣቶችን ዘወትር የማይ ሐኪም በመሆኔ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ለጥቂት አንባቢዎች ትክክል ቢሆንም ብዙዎችን ወደማይሆን ሕክምና ሊመራ ይችላል ብዬ ስለሰጋሁ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ትልቅ የሚመስል አገጭ ሁሉ ትልቅ አይደለም። በአንዱ ሰው ላይ ከመጠን በላይ ያደገው የአገጩ ጫፍ ብቻ ሲሆን ጥርሶቹ በትክክል ይገጥማሉ፤ በሌላው ላይ አገጩ ራሱ መጠነኛ ሆኖ ሳለ የታችኛው መንጋጋ በሙሉ ወደ ፊት ቀድሟል፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ የታችኛው መንጋጋ ምንም ሳይኖርበት የላይኛው ወደ ኋላ በመቅረቱ ብቻ የታችኛው ገኖ ይታያል። ሦስቱም መስታወት ፊት ቆመው የሚያዩት አንድ ዓይነት መልክ ስለሆነ ሦስቱም «አገጬን ቀንሱልኝ» ብለው ይመጣሉ። የሦስተኛውን ሰው አገጭ ብንሞርደው ግን ጤነኛውን አጥንት ቀንሰን ጉድለቱን እንደነበረ ተውንለት ማለት ነው።

ለመለየት የመጀመሪያው ፍንጭ የጥርስ አገጣጠም ነው። ጥርስ ሲገጠም የላይኞቹ የፊት ጥርሶች የታችኞቹን ከፊት በጥቂቱ ሊሸፍኑ ይገባል። የታችኞቹ ቀድመው የሚገጥሙ ከሆነ፣ ወይም ሰውየው የበቆሎ እሸት በፊት ጥርሱ ለመጋጥ የሚቸገር ከሆነ፣ ነገሩ ከአገጭ አልፎ የመንጋጋ ጉዳይ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቱ ከጎን በኩል በሚነሳ ራጅ የሁለቱ መንጋጋዎች ርዝመትና አቀማመጥ ይለካል፤ አገጩ ወደ አንድ ጎን የዞረ ከሆነ ደግሞ ሲቲ ስካን ይጨመራል፣ ምክንያቱም አንደኛው የመንጋጋ መጋጠሚያ ከሌላው ይልቅ እያደገ ሊሆን ይችላል። ይህ ልኬት ሳይደረግ፣ በስልክ የተነሳ ፎቶግራፍ ብቻ ታይቶ ቀጠሮና ዋጋ የሚነገረው ሰው ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል።

ምርመራው የአገጩ ጫፍ ብቻ እንደገነነ ካሳየ ጂኒዮፕላስቲ የሚባለው የአገጭ አጥንት ቀዶ ሕክምና ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሆፈር የተባለ ቀዶ ሐኪም ዘዴውን በአስከሬን ላይ ካሳየ በኋላ፣ በ1957 ትራውነርና ኦብዌገሰር የተባሉ ቀዶ ሐኪሞች በአፍ ውስጥ በኩል ሊሠራ እንደሚችል በማሳየታቸው ዛሬ ፊት ላይ ጠባሳ ሳይተው ይከናወናል። ሐኪሙ ከታችኛው ከንፈር በስተውስጥ ይከፍትና አጥንቱን ከጥርስ ሥሮች በታች አግድም ይቆርጣል፤ የተቆረጠውን ክፍል ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ አገጩ የረዘመ ከሆነም ከመካከል ቀጭን የአጥንት ንጣፍ አውጥቶ ያሳጥረዋል፤ በመጨረሻም ፕሌት በሚባል ትንሽ የቲታኒየም ብረትና በብሎን ያስረዋል። ጽሑፋችሁ የጠቀሰው መሞረድ ከዚህ የተለየ ነው። አጥንቱ ከፊት ለፊት ሲሞረድ በላዩ ያለው ሥጋና ቆዳ በዚያው ልክ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ለውጥ ከተሞረደው አጥንት ከግማሽ በታች ነው። ከዚያም አልፎ ከአጥንቱ የተላቀቀው የአገጭ ጡንቻ በሚገባ ወደ ቦታው ካልተሰፋ ሥጋው ወደ ታች ይንጠለጠልና ታካሚው ከመጀመሪያው የባሰ ቅር ይሰኛል። ይህንን ማረም ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ይልቅ ያስቸግራል።

ሌላው ሳይነገር የሚታለፈው ነርቭ ነው። ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በአጥንቱ ውስጥ አልፎ ከሁለተኛው ትንሽ መንጋጋ ጥርስ ሥር አጠገብ ስለሚወጣ፣ ቁርጡ ከዚያ ቀዳዳ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲያልፍ ይደረጋል። ያም ሆኖ ከንፈርና አገጭ ለሳምንታት ወይም ለወራት መደንዘዛቸው የተለመደ ነው፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ድንዛዜው እስከ መጨረሻው ይቀራል። ይህ የስምምነት ቅጹን ከመፈረሙ በፊት ለታካሚው በግልጽ ሊነገረው የሚገባ ነገር ነው። እብጠቱም ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ የመጨረሻው መልክ የሚታወቀው ከስድስት ወር በኋላ ስለሆነ፣ ለሠርግ አንድ ወር ሲቀረው የሚመጣ ሙሽራ ጊዜው አልፎበታል።

መንጋጋው በሙሉ የቀደመ ወይም የላይኛው ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ ሕክምናው ረጅም ነው። አስቀድሞ ጥርሶቹ ብሬስ በሚባለው የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ይደረደራሉ፤ ይህ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። ከዚያ በሙሉ ማደንዘዣ የታችኛው መንጋጋ ከሁለት ጎን ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ይወሰዳል፣ ወይም የላይኛው ወደ ፊት ይመጣል፣ ወይም ሁለቱም ይደረጋል። ብዙ ታካሚዎች «የታችኛውን ብቻ መልሱልኝ» ይላሉ፤ ነገር ግን የታችኛው መንጋጋ ብዙ ወደ ኋላ ሲወሰድ ምላስም አብሮ ስለሚመለስ ከኋላ ያለው የአየር መተላለፊያ ይጠብባል፣ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ ሊያመጣም ይችላል፤ ከአገጭ በታች ያለው ሥጋም ሊከማች ይችላል። ለዚህ ነው በዘመኑ አሠራር የላይኛውን ወደ ፊት ማምጣት የሚመረጠው። እድገት ሳያልቅ የተቆረጠ መንጋጋ ተመልሶ ሊያድግ ስለሚችል፣ ይህ ሁሉ ለሴቶች ከ16 ወይም ከ17፣ ለወንዶች ከ18 ዓመት በፊት አይታሰብም፤ በወንዶች ላይ ከዚያም በላይ መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል።

ልጆችን በተመለከተ ግን መጠበቅ ስህተት ሊሆን ይችላል። የታች የፊት ጥርሶቹ ቀድመው የሚገጥሙ ልጅ ከ10 ዓመቱ በፊት ከታየ የላይኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚስብ፣ ከፊት ላይ የሚታሰር መሣሪያ ሊረዳው ይችላል፤ አንዳንዴም ጥፋቱ ቦታውን የሳተ አንድ ጥርስ ብቻ ሆኖ ይገኛል። በዘር የሚመጣውን ግን መሣሪያ ሙሉ በሙሉ ላይመልሰው ይችላል። የአውሮፓ የሀብስበርግ ነገሥታት ሥዕሎች ይህ መልክ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ስንት ትውልድ እንደሚጓዝ ያሳያሉ፤ ከእነርሱ የመጨረሻው የስፔን ንጉሥ፣ ካርሎስ 2ኛ (እ.ኤ.አ. 1661–1700)፣ ምግብ እንኳ በቅጡ ማኘክ ይቸግረው እንደነበር ተጽፏል። በዕድሜ የገፉ እናቶቻችንና አባቶቻችን አገጭ ወደ አፍንጫ የቀረበው ግን ጥርሳቸው አልቆ መንጋጋው ከፍ ብሎ ስለሚዘጋ ነውና፣ ለእነርሱ ልክ ተወስዶ በሚገባ የተሠራ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይበቃል።

አንድ ሁኔታ ከውበት ጥያቄ ሁሉ ይቀድማል። እድገቱን ከጨረሰ ከዓመታት በኋላ አገጩ መግነን የጀመረ ሰው፣ በተለይ የጣት ቀለበቱ ከጠበበው፣ የጫማው ቁጥር ከጨመረ፣ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ከታየ፣ ራስ ምታትና ላብ ከበዛበት፣ አክሮሜጋሊ የሚባለው ሕመም ሊኖርበት ይችላል። መንስኤው ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ በአንጎል ሥር ባለው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ የሚወጣና የእድገት ሆርሞን ከመጠን በላይ የሚያመነጭ፣ ካንሰር ያልሆነ እባጭ ነው። የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ ሕመም ስለሚያስከትል ቶሎ መገኘት አለበት፤ ጥርጣሬው በደም ምርመራና በኤምአርአይ ይጣራል። ሆርሞኑ ሳይረጋ መንጋጋን መቁረጥ ትርጉም የለውም። እንዲህ ያለ ሰው የፊት ውበት ክሊኒክን ብቻ አይቶ ከተመለሰ የሚያጣው ከመልክ ብዙ ይበልጣል።

ማኅበራዊ ሚዲያን ስላጥለቀለቀው «ያለ ቀዶ ሕክምና አገጭ መቀነስ» ብዙ አልልም። ቦቶክስ የሚባለው መርፌ የሚያፍታታው ጡንቻን ነው፤ የተጨማደደ የአገጭ ቆዳን ለጥቂት ወራት ያለሰልሳል እንጂ አጥንት አይነካም። ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚሞላው ፊለር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 የተፈቀደው ዲኦክሲኮሊክ አሲድ ከአገጭ በታች ላለ ስብ የሚሰጥ መርፌ ነው። አጥንት የሚያሳንስ ቅባትም ሆነ የመንጋጋ ስፖርት የለም።

በአገራችን እንደ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ ሆስፒታሎች የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪሞች አሉ፤ ጊዜያቸውን ግን በአብዛኛው የሚወስዱት የአደጋ ስብራት፣ ዕጢና የተሰነጠቀ ከንፈር በመሆናቸው ወረፋው ረጅም መሆኑ አያስገርምም። በዚህ ምክንያት ወደ ኢስታንቡልና ወደ ባንኮክ የሚሄዱትን አልወቅስም። የብሬሱ ዝግጅት እዚህ፣ ቀዶው እዚያ የሚሆን ከሆነ ግን ሁለቱ ሐኪሞች ራጁንና ዕቅዱን አስቀድመው ሊለዋወጡ ይገባል፤ ፕሌቱ ቢመረቅዝ እዚህ ማን እንደሚያየውም ከጉዞው በፊት መታወቅ አለበት።

ጋዜጣችሁ ይህን ርዕስ ድጋሚ ሲያነሳ አንድ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም፣ አንድ የጥርስ አገጣጠም ስፔሻሊስትና አንድ የሆርሞን ሐኪም በአንድ ዓምድ ላይ ቢያቀርብ አንባቢ ይጠቀማል። በውስጥ ገጾቻችሁ የአገጭ ማስተካከያ ማስታወቂያ የሚያወጡ ተቋማትም ቀዶውን የሚሠራውን ባለሙያ ሙያና የፈቃድ ደረጃ በማስታወቂያው ላይ እንዲያሰፍሩ ብትጠይቋቸው መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ