ከ1 ኪሎ በታች የተወለዱት ልጆች እቤት ከገቡ በኋላስ?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ምፅፍላችሁ ከቢቸና ነው፣ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ስለ እናቶችና ጨቅላ ህፃናት ብዙ ጊዜ ታወጣላችሁ ግን ወሬው ሁሌ ህፃኑ ተርፎ እቤቱ ሲገባ ያልቃል። እኔ ማነሳው ከዛ በኋላ ያለውን ነው።

ከ1 ኪሎ በታች ሚወለዱት ድሮ እኛ ጋ አይተርፉም ነበር፣ አሁን በማሞቂያውም በኦክስጅኑም፣ እናት ደረቷ ላይ ገላ ለገላ አቅፋ በምታቆየው ካንጋሮ በሚሉትም ብዙ እየተረፉ ነው፣ ተመስገን። ግን ሳንባቸውም ዓይናቸውም አእምሯቸውም ሆድ ውስጥ እድገቱን ሳይጨርስ ስለሆነ የወጡት ክትትሉ ለዓመታት ነው።

በጣም ሚያንገበግበኝ የዓይኑ ነገር ነው። ሬቲና (ዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ላይ ያሉት ደም ስሮች ገና ስላላለቁ ከተወለዱ በኋላ በተዛባ መንገድ ያድጉና ሬቲናውን ጎትተው ሊያላቅቁት ይችላሉ፣ ኦክስጅን ያለ ልክ ከተሰጠ ደግሞ ይብሳል። ከውጭ ሲያዩት ዓይኑ ደህና ነው፣ እናት በምን ታውቃለች? ለአብዛኞቹ በተወለዱ በ4 ሳምንት ገደማ የዓይን ሀኪም ማየት ይጀምራል፣ ከዛ እየተደጋገመ ይታያል፣ ከባድ ከሆነ በሌዘር ወይ በመርፌ ይታከማል፣ ግን በተገኘ በቀናት ውስጥ ነው፣ ሬቲናው ከተላቀቀ በኋላ ብርሃኑን መመለስ በጣም ከባድ ነው።

እንግዲህ እኛ ጎጃም አራስ መቼ ነው ከቤት ምትወጣው? ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ሞልቶ ክርስትና ሳይነሱ ማን ያስወጣታል። የእህቴ ልጅ የተወለደችው 900 ግራም ሆና ነው፣ ሆስፒታሉ (ስሙን አልጠራም) ነፍሷን አትርፎልናል እድሜ ይስጣቸው፣ ግን ስንወጣ ዓይኗን አሳዩ ያለን አንድ ሰው የለም። ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ተደግሶ ተነሳች፣ ያኔ ጊዜው አልፏል። አሁን በግራ ዓይኗ ምንም አታይም።

ሌላው ክፍል ውስጥ ማየው ነው። እነዚህ ልጆች ሒሳብና ትኩረት ላይ ከሌሎች በላይ ሊቸገሩ ይችላሉ፣ መስማትም፣ እጅ እግር ማዘዝም ሚከብዳቸው አሉ፣ እኛ ግን ስንት ኪሎ እንደተወለደ ማንም ሳይነግረን ልጁን ሰነፍ እንለዋለን። በ3 ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ 1 ዓመት ሲሞላው እድገቱ ሚለካው እንደ 9 ወር ልጅ ነው፣ እስከ 2 ዓመቱ እንደዛ ይታሰብለታል፣ ክትባቱ ግን በተወለደበት ቀን ነው ሚቆጠረው። አራስ ቤት ሚነደው እሳትና ጭሱም ለዛች ደካማ ሳንባ ጠላት ነው፣ ይሄንንም ሚናገር የለም።

ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ካናዳ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ1977 እስከ 1982 ከ1 ኪሎ በታች የተወለዱ ልጆችን ጎልማሳ እስኪሆኑ ተከታትለዋቸው አብዛኞቹ ተምረው ስራ ይዘዋል፣ ደም ግፊትና ሳንባ ላይ ግን ያኔም ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ጤና ቢሮው ይሄን ቢያደርግ፦ ህፃኑ ሲወጣ የዓይን፣ የጆሮና የእድገት ቀጠሮ በቀን ተፅፎ ለእናትየዋም ለቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽንም ይሰጥ፣ የንስሐ አባቶችም ለህክምና አራስ ብትወጣ ችግር የለውም ብለው ለቤተሰቡ ይንገሩልን። እናንተ ደግሞ አንድ የዓይን ሀኪም አነጋግሩና ጎጃም ውስጥ ይሄ ምርመራ የትኛው ሆስፒታል፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ በጋዜጣችሁ አውጡልን።

አንድ አስተማሪ፣ ከቢቸና